ምዕራፍ 7፦ የተጎነበሰው ቅርንጫፍ

ጥቅምት ነው። ሚዛን ተፈሪ ዙሪያ ዝናቡ ቀንሷል እንጂ ጨርሶ አልወጣም፤ በዚያ አገር ዝናብ ጨርሶ የሚወጣበትን ወር ማግኘት ራሱ ይቸግራል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከአያቷ ጋር ቡና ትለቅማለች እንበል። ቅርንጫፉን በግራ እጇ ጎንበስ አድርጋ ወደ ፊቷ ታስጠጋዋለች፤ በቀኟ ቀይ ቀዩን እሸት እየነቀሰች ቅርጫቷ ውስጥ ትጥላለች። አረንጓዴውን አትነካም፣ ቀላ ማለት የጀመረውንም ለሌላ ቀን ትተወዋለች። ከአያቷ ትፈጥናለች፤ ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ የበሰለ ፍሬ የለም።

ድንገት ቀና ትልና፣ «እማማ፣ ያ እዚያ ማዶ የቆመው ሰው ማን ነው?» ትላለች።

«የቱ ሰው?»

«ረጅሙ። ከአጥሩ ሥር።»

«ሰው የት አለ ልጄ? እሱ እኮ እንሰት ነው።»

አያትየዋ ይስቃሉ፤ ልጅቷም ትስቃለች። ትምህርት ቤት ግን እንዲህ በሳቅ አያልፍም። ከኋላ ወንበር ስትቀመጥ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ጭጋግ ይሆንባታል። ዓይኗን አጨንቁራ ትሞክራለች፣ ከጎረቤቷ ደብተር ትገለብጣለች፣ በመጨረሻም «ሰነፍ» የሚል ስም ታተርፋለች። በቡናው ማሳ አንደኛ የሆነችው ልጅ በክፍሏ ውስጥ መጨረሻ የምትወጣው በአንድ ዓይን፣ በአንድ ምክንያት ነው።

የመነጽር ባለሙያ ቢያያት «ማይነስ 2» ይላት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት ይሰማዋል፤ በተግባር ግን ቁጥሩ ርቀት ነው። አንድ ሜትርን ለ2 አካፍሉት፤ 50 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ልጅቷ ከ50 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ያለውን ሁሉ ጥርት አድርጋ ታያለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እየራቀ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይደበዝዝባታል። ማይነስ 3 ብትሆን ድንበሩ 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል፣ ማይነስ 5 ብትሆን 20 ላይ። የተጎነበሰው የቡና ቅርንጫፍ ከድንበሩ ወዲህ ነው። ሰሌዳውና እንሰቱ ከድንበሩ ወዲያ ናቸው።

ሐኪሞች ይህን ማዮፒያ ይሉታል፤ ቅርቡን እያዩ ሩቁን ማጣት። በምዕራፍ 5 እንዳየነው መነሻው ብዙ ጊዜ የዓይን ኳስ ከመጠን በላይ ወደ ኋላ መርዘሙ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት ከ2.5 እስከ 3 የሚደርስ ማይነስ ያመጣል። የእኛ ልጅ ዓይን ከሚገባው በላይ የረዘመው እንግዲህ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ነው። ምስሉ የዓይን መጋረጃ ላይ ከመድረሱ በፊት ፊት ለፊቱ ይሰበሰብና መጋረጃው ላይ ሲደርስ ተበትኗል።

የረዘመን ዓይን መልሶ የሚያሳጥር ሕክምና የለም። ስለዚህ ሁሉም መፍትሔ ከፊት በኩል ነው የሚመጣው፤ ብርሃኑ ሲገባ ቀነስ ብሎ እንዲታጠፍና ወደ ኋላ ርቆ እንዲሰበሰብ ማድረግ። መነጽር ይህን የሚያደርገው ከዓይን ውጭ ቆሞ ነው። የጨረር ቀዶ ሕክምና ደግሞ የዓይንን ፊት ፍቆ ያደርገዋል። ይህ ምዕራፍ ስለ ሦስተኛውና ሲሰሙት ግራ ስለሚያጋባው መንገድ ነው፦ ማታ ሲተኙ ጠንከር ያለ ኮንታክት ሌንስ ማድረግ፣ ጠዋት ማውጣት፣ ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም መነጽር ማየት። ስሙ ኦርቶኬራቶሎጂ ነው።

የቅጠሉ ላይ ጠብታ

ዝናቡ እንዳባራ ወደ ቡናው ግቡና ቅጠል ላይ የተቀመጠ የውሃ ጠብታ ፈልጉ። የቡና ቅጠል ወዛም ስለሆነ ጠብታው አይሰርግም፤ ጉብ ብሎ ይቀመጣል። በጠብታው ውስጥ የቅጠሉን ሥር ተመልከቱት፤ ከወትሮው ወፍሮ ይታያል። አሁን ትንሽዋን፣ ክብ ያለችውን ጠብታ ከትልቁና ከተንጣለለው ጋር አወዳድሩ። ትንሽዋ ይበልጥ ታጎላለች። ውሃው ያው የአንድ ሰማይ ውሃ ነው፤ የተለየው የጀርባው ኩርባ ብቻ ነው። ጉብ ያለው ብርሃንን አብዝቶ ያጥፋል፣ ጠፍጠፍ ያለው ቀነስ አድርጎ ያጥፋል።

በምዕራፍ 3 ውሃ ውስጥ የገባ ዱላ የተሰበረ የሚመስለው ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው ብለን ነበር። ዓይናችን ፊት ላይ ያለችው ኮርኒያ የዚያች ጠብታ እህት ናት። ጥቁሩን ክፍል እንደ ሰዓት መስታወት የምትሸፍን፣ ራሷ ግን ምንም ቀለም የሌላት መስኮት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን ቆቡ ላይ በቀስታ አሳርፉና ዓይኑን ግራ ቀኝ አንቀሳቅሱት። ከቆቡ ሥር የምትንከባለል ጉብታ ትሰማችኋለች፤ እሷው ናት።

ስሟ ከላቲን «ቀንድ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ «ኬራቶ» የሚለው የግሪክኛ ቃልም እንዲሁ ወደ ቀንድ ይመራል። የጥንት ሰዎች ስስ ሆኖ የተፋቀ ቀንድ ብርሃን ሲያሳልፍ አይተው ነው ያወጡላት። በቀንድ ዋንጫ ጠጅ ጠጥቶ ዋንጫውን ወደ ብርሃን ያነሣ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። በአማርኛ የዓይን ባንክ ሰዎች «የዓይን ብሌናችሁን ለግሱ» ሲሉ የሚጠይቁት ይህችኑ ነው እንጂ ሙሉ ዓይንን አይደለም። ሙሉ ዓይን ተክሎ እይታን መመለስ እስካሁን አልተቻለም። ይህን ባለማወቅ ልገሳውን የሚፈራ ሰው ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ወርዷ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ የቡና እሸት ጥቂት ታንሳለች። መሃሏ ላይ ውፍረቷ የአንድ ሚሊ ሜትር ግማሽ ያህል ነው። ውስጧ አንድም የደም ሥር የለም፤ ቢኖርማ በቀይ ሐረግ በተሸፈነ መስኮት ነበር የምናየው። ኦክስጅኗን የምታገኘው ፊት ለፊቷን ከሚያረጥበው እንባ፣ እንባውም ከአየር ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ ላይ ሕይወትና ሞት ይሆናል።

ጉልበቷን በቁጥር ላስቀምጥ። ብርሃንን የማጠፍ ኃይል የሚለካው በዳዮፕተር ነው፤ በመነጽር ማዘዣ ላይ የምናየው ቁጥር እሱ ነው። የዓይናችን ጠቅላላ ኃይል 60 ዳዮፕተር አካባቢ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 43ቱ የኮርኒያ ነው። ውስጥ ያለው ሌንስ የሚሠራው የቀረውን ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ወንዝ ገብቶ ዓይኑን ውሃው ውስጥ ይግለጥ። ሁሉ ነገር ይደበዝዝበታል። ምክንያቱም ከፊትም ከኋላም ውሃ ሲሆን ብርሃኑ የሚሻገረው ድንበር ይጠፋና ኮርኒያ ሥራ ትፈታለች።

የአንድ ወረቀት አምስተኛ

እንዲህ ያለ ጉልበት ያላትን መስኮት ለመለወጥ ታዲያ ምን ያህል መግፋት ያስፈልጋል? እዚህ ላይ ነው የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ ያለው፤ እኔንም መጀመሪያ ሳሰላው ደጋግሜ እንዳሰላው ያደረገኝ።

ኮርኒያን ከአንድ ትንሽ ኳስ ላይ የተቆረጠች ቁራጭ አድርጋችሁ አስቧት። የኳሱ መሃል ከቆዳው የሚርቀው 7.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የልጅቷን ማይነስ 2 ለማጥፋት ይህን ወደ 8.1 ገደማ ማድረስ፣ ማለትም ጉብታውን ትንሽ ጠፍጠፍ ማድረግ ይበቃል። መሃል ላይ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ ይህ ለውጥ የሚጠይቀው የከፍታ ልዩነት 17 ማይክሮን አካባቢ ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የደብተር ወረቀት ውፍረቱ ከ80 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ልጅቷን ከሰሌዳው የለያት ነገር እንግዲህ የአንድ ወረቀት አምስተኛ ነው።

ደግሞ ይህን የምናገኘው ከየት ነው? ከኮርኒያ የላይኛው ቆዳ። ይህ ቆዳ ከአምስት እስከ ሰባት በሚሆኑ የሴሎች ድርብርብ የተሠራ ሲሆን ጠቅላላ ውፍረቱ 50 ማይክሮን ያህል ነው፤ በየሳምንቱ ወይም ትንሽ ዘግየት ብሎ ራሱን ያድሳል። ሥሩ ያለው ዋናው ግድግዳ በዚህ ሥራ ውስጥ እምብዛም አይነካም። የቡና ፍሬ ከቀዩ ልጣጭ በታች ስንት ሽፋን እንዳለው ለፈለፈለ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ የላይኛውን ሽፋን ሳትልጡ ውፍረቱን ብቻ አስተካከላችሁ እንበል።

ከዚሁ ሒሳብ የዘዴው ወሰንም ይገኛል። የ50 ማይክሮን ቆዳ አንድ ሦስተኛውን ማሳሳት ይቻላል፣ ሁሉንም ማሳሳት ግን አይቻልም። ለዚህ ነው የምሽት ሌንስ በአብዛኛው ከማይነስ 6 በላይ ላለው ሰው የማይታዘዘው፤ ጥሩ ውጤት የሚሰጠውም ከማይነስ 4 በታች ላሉት ነው። የሌንሱ ሠሪዎች ቸልተኝነት አይደለም፤ ቆዳው የሚያበድረው ያን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው።

ሲኒውና ሰሐኑ

ስለ ኦርቶኬራቶሎጂ የሰማ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ምስል ሊጥ በመዳፍ መጫን ነው። ጠንካራው ሌንስ ዓይኑ ላይ ተጭኖ ጠፍጠፍ የሚያደርገው ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ነበር የመሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎችም ከዚህ ብዙ አልራቁም ነበር።

እርጥብ ሰሐን ላይ የተቀመጠ ሲኒ ስታነሡ ሰሐኑ ተንጠልጥሎ ተከትሏችሁ ያውቃል? ምንም ሙጫ የለም። በሲኒው ቂጥና በሰሐኑ መካከል የገባ ስስ የውሃ ሽፋን ነው የያዛቸው። በሁለት ነገሮች መካከል የታፈነ ስስ ፈሳሽ እንደ ቦታው ጥበትና ስፋት አንዱ ጋ ይገፋል፣ ሌላው ጋ ይስባል። የምሽት ሌንስ የሚሠራው በዚህ ነው፤ ፈሳሹ የራሳችን እንባ ነው።

የሌንሱ ውስጠኛ ፊት በቀለበት በቀለበት የተሠራ ነው። መሃሉ ከኮርኒያ ይልቅ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቦታው ጠባብ ነው፤ እዚያ ያለው እንባ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ሆኖ በቀስታ ይገፋል። ከመሃሉ ዙሪያ ያለው ቀለበት በድንገት ይበልጥ ይጎብጣል፤ እዚያ እንባው ሰፊ ቦታ ያገኝና ይስባል። ባለሙያዎች ይህን የተገለበጠ ኩርባ ይሉታል። ሦስተኛው ቀለበት ሌንሱ የሚያርፍበት፣ መሃል ላይ የሚያቆመው ነው። መሃሉ ሲገፋ፣ ዙሪያው ሲስብ፣ የኮርኒያ ቆዳ በመሃል ይሳሳል፣ በዙሪያው ይወፍራል። ሴሎቹ ከመሃል ይሰደዳሉ ወይስ በቦታቸው ይጨመቃሉ የሚለው በተመራማሪዎች መካከል አሁንም ያከራክራል። በደንብ የተለካ ሌንስ መሃል ላይ ኮርኒያን አይነካትም። ከነካት የተሳሳተ ሌንስ ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ አንድ መሣሪያ የኮርኒያን ካርታ ያነሣል፤ የተራራና የሸለቆ ከፍታ እንደሚያሳየው ካርታ በቀለም የተከፋፈለ ነው። በካርታው መሠረት ሌንሱ ይታዘዛል። ከመጀመሪያዋ ሌሊት በነጋታው ብዙ ሰው ለውጥ ያያል። ሙሉ ውጤቱ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ መሃል በማለዳ ሄዶ መታየት ግድ ነው፤ ካርታው እንደገና ይነሣል፣ ሌንሱ ሌሊት ወደ ጎን ተንሸራቶ ከነበረ ካርታው ላይ ይሳበቅበታል።

ከቺካጎ ጀምሮ

ታሪኩን አሳጥረዋለሁ። ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ሰዎች ሲያወጡት መነጽራቸው ለጊዜው አልስማማ እንደሚላቸው ባለሙያዎች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተውሉ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ጆርጅ ጀሰን የተባለ የዓይን ባለሙያ ይህን ጥፋት ወደ ጥቅም ለመለወጥ ሆን ብሎ ጠፍጣፋ ሌንስ ማዘዝ ጀመረ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዕቃው ግን አልነበረም። የዘመኑ ፕላስቲክ አየር አያስተላልፍም፣ ሌንሱ ቦታው ላይ አይቆምም፣ ውጤቱም ከሰው ሰው ይለያያል። ቀን ቀን ተደርጎ ወራት ይፈጅ ነበር።

ለውጡ የመጣው ኦክስጅን የሚያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲገኝ፣ የተገለበጠው ኩርባ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲታወቅና የኮምፒውተር ካርታው ሲከተል ነው። በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን የመጀመሪያውን የሌሊት ሌንስ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ የሠመረው በምሥራቅ እስያ ነው፤ በዚያ ማዮፒያ ያለበት ተማሪ ብዛት መንግሥታትን ሳይቀር ያስጨንቃል።

ቅርንጫፉ ይመለሳል

ልጅቷ ለቅማ ስትጨርስ ቅርንጫፉን ትለቀዋለች፤ ቀና ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ኮርኒያም ሌንሱ ከቀረ ትመለሳለች። አንድ ሌሊት ከተዘለለ በማግስቱ ከሰዓት ሰሌዳው መደብዘዝ ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ የድሮው ማይነስ ተመልሶ ይቀመጣል። ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይስታል፤ ቅርንጫፍ የሚመለሰው ስለሚለጠጥ ነው፣ ኮርኒያ ግን ቆዳዋን እያደሰች የራሷን ውፍረት መልሳ ስለምታገኝ ነው። ለዚህም ነው እንደ ቅርንጫፍ በአፍታ ሳይሆን ቀስ እያለች የምትመለሰው።

የጨረር ቀዶ ሕክምና ከዚህ በእጅጉ ይለያል። እሱ ያረጀ ቡናን እንደ መጎንደል ነው፤ የተቆረጠው ግንድ መልሶ አይለጠፍም። ጨረሩም ከዋናው ግድግዳ ላይ ሥጋ ያነሣል፣ የተነሣው አይመለስም። ዓይኑ ገና እያደገ ያለ ልጅ ይህን እንዲያደርግ አይመከርም። የሌሊቱ ሌንስ መመለሱ ጉድለቱም በጎነቱም ነው፤ እኔ ከሁለቱ በጎነቱን አስበልጣለሁ፤ የተሳሳተ ነገር መተው የሚቻልበት ሕክምና ሁልጊዜ አይገኝም።

አንድ ያልተጠበቀ ትርፍም ተገኝቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ የሆንግ ኮንግ ጥናት ከ6 እስከ 10 ዓመት የሆኑ ሕጻናትን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ዓመት ተከታተለ። መነጽር ያደረጉት ልጆች ዓይን በ0.63 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የሌሊት ሌንስ ያደረጉት በ0.36 ብቻ ረዘመ፤ በ43 በመቶ የቀነሰ ማለት ነው። ምናልባት የወፈረው ዙሪያ ከጎን የሚገባውን ብርሃን ከመጋረጃው ፊት ስለሚሰበስበው ዓይኑ «በቃህ፣ አትርዘም» የሚል መልእክት ይደርሰው ይሆናል። ይህ የብዙዎች ግምት ነው። ውጤቱ ግን በሌሎችም ጥናቶች ተደግሟል። ረዝሞ የቆመን ዓይን አያሳጥርም፤ የሚረዝመውን ያዘገያል።

ውሃ

ደቡብ ምዕራብ ውሃ የሞላበት አገር ነው። ጣሪያው ሥር በርሜል፣ ከጓሮው ጀርባ ምንጭ፣ ቁልቁል ወንዝ። በዚህ አገር ላደገ ሰው የወደቀ ነገር አንሥቶ ውሃ ለቀለቅ አድርጎ መልሶ መጠቀም እንደ መተንፈስ ያለ ነው። ኮንታክት ሌንስን ግን እንዲህ ያደረገ ሰው ዓይኑን አደጋ ላይ ጥሏል።

በምንጭ፣ በዝናብ፣ በወንዝና በቧንቧ ውሃ ውስጥ፣ በአፈርም ውስጥ፣ አካንታሞኢባ የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጡር ይኖራል። ብንጠጣው እምብዛም አይጎዳንም። በሌንስና በኮርኒያ መካከል ከገባ ግን ኮርኒያን ይበላል። ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ሕመሙ ሌሊት አያስተኛም፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ጠባሳ ትቶ ነው የሚሄደው። በማዝ የታወረ ሰው ዓይን ላይ ያለውን ነጭ ደመና ያየ ያውቀዋል፤ ጠባሳ ጠባሳ ነው፣ ያመጣው ማንም ይሁን። ሌንሱ ደግሞ ሌላ ረቂቅ ተሕዋሲ፣ ሱዶሞናስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ተሸክሞ ይገባል፤ እሱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ኮርኒያን ሊበሳ ይችላል።

የሌሊት ሌንስ ከቀኑ የሚብሰው ለምንድን ነው? ቀደም ሲል ያዙት ያልኳችሁ ነጥብ እዚህ ይመጣል። ኮርኒያ የምትተነፍሰው ከአየር ነው። ስንተኛ ቆቡ ይዘጋል፣ አየሩ ይቀንሳል፣ ዓይን አይርገበገብም፣ እንባም እንደ ቀኑ እየታደሰ አያጥባትም። በዚያ ላይ ሌንስ ጨምረንባታል። ትንሽ ጭረት ካገኘ ጀርም ሌሊቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ይሠራል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቻይና ውስጥ ሌንሱ ያለ ቁጥጥር በየሱቁ ሲሸጥ ብዙ ልጆች ለከባድ የኮርኒያ ቁስል ተዳርገዋል፤ አንዳንዶቹ እይታቸውን አጥተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ፣ በባለሙያ ተይዘው የሚጠቀሙ ሰዎች መካከል በዓመት ከ10,000 ወደ 8 የሚጠጉት፣ ከሕጻናቱ መካከል ከ10,000 14 ገደማው የኮርኒያ ኢንፌክሽን ይዟቸዋል ተብሎ ተገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከ14ቱ አንዷ የእኛ ልጅ ብትሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ የሌንሱ ዋጋ ከገንዘቡ ይልቅ በየማታው የሚደረገው ሥርዓት ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ በንጹሕ ፎጣ ጨርሶ ይደርቃል፤ በእርጥብ ጣት ሌንስ አይነካም። ሌንሱ መዳፍ ላይ ተደርጎ ለእሱ በተሠራ ማጠቢያ ፈሳሽ ይታሻል፣ በፈሳሹ ይለቀለቃል። ጠዋት ሲወጣም እንዲሁ። የትናንቱ ፈሳሽ ላይ አዲስ አይጨመርም፤ ይደፋል። ማስቀመጫው ይደርቃል፣ በየጊዜው ይለወጣል። ፈሳሹ ካለቀ ሌንሱ አይደረግም፤ ሌሊቱ ይዘለላል። ዓይኑ ቀልቶ የነቃ ሰው ሌንሱን በዚያ ማታ አያስብም።

እግረ መንገዴን ለለቃሚዎች አንድ ነገር ልናገር። ጎንበስ የተደረገው ቅርንጫፍ ሲለቀቅ ከኋላ የቆመን ሰው ዓይን ይመታል። ቅጠልና እንጨት የነካው ኮርኒያ በተለይ በሻጋታ ዓይነት ጀርም ሊመረዝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣና ለማዳን የሚከብድ ነው። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ ማንጠባጠብ፣ ለሌላ ሕመም የታዘዘ የዓይን ጠብታ ጎረቤት ሰጠኝ ብሎ መጨመር ነገሩን ያባብሳል። ሌንስ ለሚያደርግም ለማያደርግም ሕጉ አንድ ነው፦ የቀላ፣ የሚያም፣ ብርሃን የሚፈራ ዓይን ሳይውል ሳያድር ይታያል።

ሚዛንና ቴፒ ላይ ቢሆንስ

አሁን ልጅቷን እንመልሳት። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የሕክምና ትምህርት ቤትና የዓይን ሕክምና ክፍል ያላት ጅማ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ናት። የሌሊት ሌንስ ያደረገ ልጅ በመጀመሪያዋ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በመጀመሪያው ወር፣ ከዚያም በየስድስት ወሩ መታየት አለበት። ሌሊት ዓይኑ ቢቀላ ደግሞ በዚያው ቀን የኮርኒያን ቁስል በመሣሪያ አጉልቶ የሚያይ ሐኪም ፊት መቀመጥ አለበት። ካርታ የሚያነሣ ማሽን፣ የማይቋረጥ የማጠቢያ ፈሳሽ፣ በአንድ ቀን የሚደረስበት ሐኪም፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌንሱ ባይደረግ ይሻላል። አቋሜ ይህ ነው። ዘዴውን እያደነቅሁ ነው የምለው።

የልጅቷ ዓይን ዛሬ የሚፈልገው መነጽር ነው። ያው የአንድ ወረቀት አምስተኛ ከዓይኗ ውጭ በመስታወት ይታረምላታል፤ ቢሰበር ዓይኗን አይጎዳም፣ በዝናብ ውሃ ቢታጠብም ምንም አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት እይታቸው ከደከመ ኢትዮጵያውያን መካከል 33.4 በመቶው ችግራቸው በመነጽር የሚታረም ዓይነት መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከሦስት አንድ ማለት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ የሚያጣው መነጽር ብቻ ነው።

ይህን የምታነብ መምህር ከሆንሽ ወይም ከሆንክ፣ በሚዛንም ይሁን በቴፒ፣ በማሻም ይሁን በቦንጋ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ ይበቃል። ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ከመጨረሻው ወንበር አስቀምጣችሁ መጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ግራውን በመዳፍ ሸፍነው ሰሌዳውን እንዲያነቡ አድርጉ። ጣት በዓይን ላይ አይጫን፣ ዓይንም አይጨናቆር። ከፊት ወንበር እንቢ ብላ የማትነሣውን፣ ደብተር የምትገለብጠውን፣ «ሰነፍ» የተባለችውን አስቀድሙ። ያቃታቸውን ስማቸውን ጻፉና ለወላጆቻቸው የመነጽር ምርመራ እንደሚያስፈልጋቸው ንገሩ።